በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ከክርስቲያን ተማሪዎች ጋር ለአንድ ዓመት ለማገልገል ለሚመጡ ኢትዮጵያውያን

ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በእንግሊዝ አገር ካሉ ክርስቲያን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ለአንድ ዓመት ለማገልገል የሚመጣ ሰው ጊዜውን የሚያሰላው በአሥራ ሁለት ወር ነው። እኔም ስመጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ለመልመጃ፣ የቀሩትን አሥሩን ደግሞ ለአገልግሎት መድቤ ነበር። ተማሪዎቹ ግን ዓመቱን ሙሉ በግቢው አይገኙም። በኦክስፎርድና በካምብሪጅ የትምህርት ዘመኑ እያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት ሳምንት በሚፈጁ ሦስት ወቅቶች የተከፈለ ነው፤ ተደምሮ 24 ሳምንት ይሆናል። በሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች በመጠኑ ቢረዝምም የገናና የፋሲካ ረጃጅም ዕረፍቶች፣ የሜይና የጁን ፈተናዎች በሁሉም ዘንድ አሉ። እኔ ለመልመጃ የመደብኳቸው ሁለት ወራት ተማሪዎቹ አዲስ ሰው ለመተዋወቅ ልባቸው ክፍት የሚሆንባቸው ዋነኞቹ ሳምንታት ነበሩ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ከእኔ በኋላ የሚመጣው አገልጋይ ወረቀቱንና ቤቱን ቀድሞ ጨርሶ እነዚያን ሳምንታት ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጦ እንዲያሳልፋቸው ስለምፈልግ ነው። ወራቱንና ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የተማሪዎች ክርስቲያን ኅብረት በዚህ አገር ረጅም ዕድሜ አለው። የካምብሪጁ ኅብረት የተመሠረተው በ1877 ነው፤ የልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎችን ኅብረቶች የሚያገናኘው ብሔራዊ ማኅበር በ1928፣ የብዙ አገሮችን ማኅበራት ያሰባሰበው ዓለም አቀፍ ኅብረት ደግሞ በ1947 ተቋቁመዋል። የእኛው አገር የወንጌላውያን ተማሪዎች ማኅበር ኢቫሱም የዚሁ ዓለም አቀፍ ቤተሰብ አባል ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ፣ በጅማ ወይም በሐዋሳ ግቢ በፌሎሺፕ ውስጥ ያደገ ሰው እዚህ ሲደርስ ብዙ የሚያውቀው ነገር ያገኛል፤ በኦርቶዶክስ ተማሪዎች ኅብረት፣ በግቢ ጉባኤ፣ ያደጉ ወንድሞችና እህቶችም ቢሆኑ ከዚህ በታች ከምለው አብዛኛው ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ። ኅብረቱን የሚመሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ይህ በአገራችንም ያለ ነው፤ ልዩነቱ ግን በአገራችን ከውጭ የመጣ አገልጋይ ወንበር ተለቅቆለት፣ የመጨረሻው ቃል ተትቶለት የሚስተናገድ መሆኑ ነው። እዚህ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ስብሰባውን ይመራል፣ ለእርስዎም አሥር ደቂቃ ይመድብልዎታል፣ አሥሩ ሲሞላ በትሕትና ያስቆምዎታል። ይህን እንደ ንቀት የቆጠረ ሰው ዓመቱን በቅሬታ ይፈጃል። ሥራዎ እነዚህ ወጣቶች ኃላፊነታቸውን በደንብ እንዲወጡ ከጎናቸው መቆም እንደሆነ ከመነሻው ይያዙ።

ከመሳፈርዎ በፊት

ያለ ደመወዝ ለአንድ ዓመት ለሚያገለግል ሰው የተዘጋጀው ፈቃድ የበጎ አድራጎት ሠራተኛ ቪዛ የሚባለው ነው። ዘመኑ ከ12 ወር አይበልጥም፤ ለማመልከትም ከእንግሊዝ መንግሥት የስፖንሰርነት ፈቃድ ያለው ድርጅት የስፖንሰርነት ማረጋገጫ ሊልክልዎ ይገባል። ድርጅቱ የምግብ፣ የመኝታና የመጓጓዣ ወጪዎን ሊሸፍን ይችላል፤ ደመወዝ ግን መቀበል አይፈቀድም። ከማመልከቻው ክፍያ በተጨማሪ የጤና አገልግሎት ክፍያ አለ፤ ይህም ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ለአንድ አዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ ነው። 1,270 ፓውንድ ለ28 ተከታታይ ቀናት በባንክ ሒሳብዎ መቀመጡንም እንዲያሳዩ ይጠየቃሉ፤ ድርጅቱ የመጀመሪያውን ወር ወጪዎን እንደሚችል በማረጋገጫው ላይ ካሰፈረ ግን ይህ ይቀራል። ከኢትዮጵያ መጥቶ ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ አለበት። ምርመራው አዲስ አበባ በሚገኘው የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይኦኤም) ክሊኒክ ይደረጋል፤ የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለስድስት ወር ብቻ ስለሆነ በጣም ቀድመው አይመርመሩ።

ከወንጀል ነፃ መሆንዎን የሚገልጸውን የፌዴራል ፖሊስ ማስረጃም አስተርጉመው ይያዙ። በዚህ አገር ከወጣቶች ጋር የሚሠራ ሰው የቀድሞ ታሪኩ ይጣራል፤ የእንግሊዝ መዝገቦች ስለ እርስዎ የሚያውቁት ነገር ስለማይኖር ድርጅቱ የአገርዎን ማስረጃ ይጠይቃል፤ እዚህ ሆኖ ይህን ወረቀት ማስመጣት ብዙ ውጣ ውረድ አለው።

ከወረቀቱ ሁሉ የሚከብደው ግን ከቤተሰብ ጋር የሚደረገው ንግግር ነው። እንግሊዝ የሄደ ሰው ገንዘብ ይልካል ተብሎ መጠበቁ የታወቀ ነው፤ ደመወዝ የሌለው መሆንዎን ለማስረዳት የስልክ ንግግር አይበቃም። እናትና አባትን፣ ታላላቆችን፣ በተለይም እስከ ዛሬ በእርስዎ ድጋፍ የሚማሩ ታናናሾች ካሉ እነርሱን፣ ሳይሄዱ በፊት አስቀምጠው ይንገሯቸው። ይህን ሳላደርግ መጥቼ በየወሩ በሚደርሰኝ ጥያቄ ምክንያት ከምግቤ እየቀነስኩ የላክሁባቸው ወራት አሉ። ያ ጊዜ ለቤተሰቤም ለአገልግሎቴም አልበጀም።

ከደረሱ በኋላ ያሉት ቀናት

ተማሪዎቹ የሚመጡት በሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም በኦክቶበር መጀመሪያ ስለሆነ የሚቻል ከሆነ በኦገስት ይድረሱ። የመኖሪያ ፈቃድዎ አሁን በካርድ የሚሰጥ አይደለም፤ በኢንተርኔት የሚከፈት ኢቪዛ ነው። አከራይም ባንክም ፈቃድዎን የሚያጣሩት ከዚያ ገጽ በሚያወጡት ኮድ ነው። የፓስፖርትዎ ቁጥርና የስልክ ቁጥርዎ በኢቪዛው ገጽ ላይ ትክክል መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ወደ ገጹ ለመግባት የሚላከውን ኮድ የሚቀበለው ቁጥር አዲስ አበባ በቀረው ሲም ላይ ተመዝግቦ የተቸገሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ስምዎም ያከራክራል። ቅጾቹ ሁሉ የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ የእኛ ሁለተኛ ስም ደግሞ የአባት ስም ነው። በፓስፖርትዎ ላይ እንዴት እንደተጻፈ አይተው በባንክ፣ በሐኪም ቤት፣ በኪራይ ውል በየትኛውም ቦታ በዚያው ቅደም ተከተልና በዚያው ፊደል ብቻ ያስጽፉ። ባልና ሚስት አብረው ሲመጡ የተለያየ የቤተሰብ ስም ስለሚኖራቸው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ትርጉም አይለያችሁ።

በአካባቢዎ በሚገኘው የሐኪም ቤት፣ በዚህ አገር አጠራር ጂፒ፣ ሳይታመሙ ይመዝገቡ። ለመመዝገብ የአድራሻ ማስረጃ ግዴታ አይደለም፤ ከለከሉኝ ብሎ የሚመለስ አዲስ መጤ ብዙ ስለሆነ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲገጥም 999፣ ለሌላው የጤና ምክር 111 ይደወላል። የከፈሉት የጤና ክፍያ ሐኪምና ሆስፒታል ያስገኝልዎታል፤ የመድኃኒት፣ የጥርስና የመነጽር ወጪ ግን ለብቻው ነው። መንገድ ሲሻገሩ መኪና የሚመጣው በመጀመሪያ ከቀኝ ነው፤ አዲስ አበባ የለመደ ዓይን ግራውን ስለሚያይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጠንቀቁ።

ስለ ቤት ትንሽ ልዘግይ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነውና። ከተማሪዎች ጋር አንድ ቤት መከራየት ለአገልግሎቱ እጅግ መልካም ነገር ይመስላል፤ በብዙ መንገድም መልካም ነው። ነገር ግን በእንግሊዝ የማዘጋጃ ቤት ግብር አለ፤ ነዋሪዎቹ በሙሉ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች የሆኑበት ቤት ከዚህ ግብር ነፃ ነው። ተማሪ ያልሆነ አንድ ሰው ሲገባበት ነፃነቱን ያጣል፣ ቤቱም 25 በመቶ ብቻ ተቀንሶለት እንዲከፍል ይደረጋል፤ ሒሳቡ የሚወድቀውም ተማሪ ባልሆነው ሰው ላይ ነው። እኔ ከአራት ተማሪዎች ጋር ገብቼ በኖቬምበር የመጣው ደብዳቤ የስምንት ወር የኪስ ገንዘቤን የሚያክል ሆኖ አገኘሁት። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የግብር ቅናሽ ደግሞ ከሕዝብ ገንዘብ የሚቆጠር ድጎማ ስለሆነ በእኛ ቪዛ ለመጣ ሰው የተከለከለ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ቢሰጥዎ እንኳ አይቀበሉ። ውል ከመፈረምዎ በፊት ይህን ከድርጅትዎ ጋር ተነጋግረው ማን እንደሚከፍል ይወስኑ። ከአንድ ቤተሰብ ጋር በአንድ ክፍል መኖር ለብዙዎቻችን የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የአገሩን ሥርዓት የሚያስተምርዎ ሰው ያገኛሉ፣ ሲታመሙም የሚጠይቅዎ አለ።

ስለ ተማሪዎቹ

በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ ራሳቸውን ክርስቲያን ያሉት 46.2 በመቶ ነበሩ፤ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ሲወርድ የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ሃይማኖት የለኝም ያሉት ደግሞ 37.2 በመቶ ናቸው። ሁሉም ሰው የአንዱ ወይም የሌላው እምነት ልጅ በሆነበት አገር ላደግን ሰዎች ይህ ከቁጥር በላይ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን አንድም ቀን ገልጦ የማያውቅ፣ ለክርስትናም ጥላቻ የሌለው፣ ይልቁንም ምንም የማያውቀው ወጣት ብዙ ነው። በኅብረቱ ውስጥ ያሉት ክርስቲያን ተማሪዎችም በመኝታ ቤታቸው ኮሪደር ብቸኛው አማኝ ሊሆኑ ይችላሉ። ከእርስዎ የሚፈልጉት በቅድሚያ ስብከት አይደለም፤ በብቸኝነት አምኖ መኖር እንዴት እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። በደርግ ዘመን በየቤቱ ተሸሽገው ይጸልዩ የነበሩ ተማሪዎችን ታሪክ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን የሰማን ስለሆንን፣ ይህን ታሪክ በትክክል መንገር ከምንም ንግግር ይልቅ ጆሮ እንዲሰጡን ሲያደርግ አይቻለሁ። አያጋንኑት፤ የሰሙትን ብቻ ይንገሩ።

ጸሎታቸው መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል። በእኛ ዘንድ ጉባኤው በአንድነት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጸልያል፣ የአዳር ጸሎት አለ፣ ጾም ጸሎት ይታወጃል። እዚህ ስድስት ሰዎች በክብ ተቀምጠው አንድ በአንድ፣ በዝግታ፣ ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጸልያሉ፤ መካከል ላይ ረጅም ዝምታ አለ፤ በሃያ ደቂቃም ይጠናቀቃል። የቀዘቀዘ ሕይወት ነው ብዬ ፈርጄ ለአገር ቤት ሰዎች የጻፍሁትን ደብዳቤ ዛሬ ባልላክሁት እመኛለሁ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከልባቸው የሚቃትቱ ወጣቶች እንደነበሩ የተረዳሁት ከወራት በኋላ ነው። ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ለመፍረድ አንቸኩል። የእኛን ልማድ ማካፈል የሚቻለው ከተጠየቅን በኋላ ነው፤ መጠየቃቸውም አይቀርም፤ አንድ ቀን አብረን እንጹም ያሉኝ እነርሱ ናቸው።

ጥርጣሬያቸውን በግልጽ ይናገራሉ። የኅብረቱ አባል የሆነች ተማሪ ሻይ እየጠጣች እግዚአብሔር ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለሁም ብትልዎ ክህደት ነው ብለው አይደንግጡ፤ ለእርስዎ መናገሯ አመነችዎ ማለት ነው። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው መስማት፣ ከዚያም ከወንጌላት አንዱን ይዞ በሳምንት አንድ ሰዓት አብሮ ማንበብ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። አንድ ለአንድ የሚደረገው ይህ ንባብ በዚህ አገር የተማሪዎች አገልግሎት የተለመደ ስለሆነ ማንም አይገረምበትም።

የሚጠሩዎ በስምዎ ብቻ ነው፤ ፕሮፌሰሮቻቸውንም እንዲሁ ይጠራሉ። እንግሊዝኛው አንተንና እርስዎን ስለማይለይ አክብሮታቸው በሌላ ይታያል፤ ሰዓት በማክበር፣ ምስጋናን በጽሑፍ በመላክ፣ በንግግር መካከል ባለመግባት። ቀጠሮ የሚያዘው ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። አንድ ቀን ቡና እንጠጣ የሚለው ንግግር ቀን እስካልተቆረጠለት ድረስ ቀጠሮ አይደለም፤ ቀኑን እርስዎ ይጠይቁ። ሳይነግሩ በር ማንኳኳትም አይለመድም።

ቡናችን ግን ትልቅ በር ይከፍታል። የአዲስ ተማሪዎች ሳምንት የሚውለው በመስቀል ሰሞን ስለሆነ እኔ በዚያው ሳምንት ስኒዎቹን ደርድሬ ቡና ቆላሁ፤ ዕጣንም አጨስሁ። የማደሪያው የእሳት ማስጠንቀቂያ ጮኾ ከመቶ በላይ ተማሪ በሌሊት ልብሱ ወደ ብርዱ ወጣ። በተማሪ ማደሪያ ውስጥ ሻማና ዕጣን ማብራት የተከለከለ ነው፤ ቡናውን በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም በግለሰብ ቤት ቆልተው፣ በማደሪያው ማፍላት ብቻ ያድርጉ። ምግብን በተመለከተ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ፤ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ሥጋም ወተትም የማይበሉ ስለሆኑ የጾም ምግባችን፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ያለ ምንም ለውጥ ለሁሉም ይሆናል። በለንደን ሐበሻ ሱቆች እንጀራ ይገኛል፤ ከለንደን ውጭ ከሆኑ እርሾዎን ይዘው መጥተው ቤት መጋገር ይለምዱ።

ሁለት ነገሮችን በጥብቅ አሳስባለሁ። የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ነው። ከሌሎች አገሮች የመጡ፣ በአገራቸው ክርስቲያን መሆን ወይም ስለ ክርስትና መጠየቅ አደጋ የሚያመጣባቸው ተማሪዎች በእነዚህ ስብሰባዎች ይገኛሉ። ለደጋፊዎችዎ የሚልኩት አንድ ፎቶ በማኅበራዊ ገጽ ተሰራጭቶ ቤተሰቦቻቸው ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ያለ ፈቃድ ፎቶ አያንሡ፣ ስም አይጻፉ፣ ስልክ ቁጥር ለሌላ አይስጡ። ሁለተኛው፣ አንድ ተማሪ ራሱን ለመጉዳት እንደሚያስብ ከነገረዎ ምሥጢሩን ለመጠበቅ ቃል አይግቡለት። ለብቻዬ በጸሎት እይዘዋለሁ ማለት በዚህ ጉዳይ አይበቃም። በድርጅትዎ ተማሪዎችን ከጉዳት የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበትን ሰው በዚያው ቀን ያሳውቁ፣ አደጋው ቅርብ ከሆነ 999 ይደውሉ፣ ለተማሪውም በማንኛውም ሰዓት በነፃ የሚደወልበትን፣ የተጨነቁ ሰዎችን በስልክ የሚያዳምጠውን የሳማሪታንስ ድርጅት ቁጥር 116 123 ይስጡት። መጸለይዎን ይቀጥሉ፤ ከዚህ ሁሉ ጋር።

ጨለማው ወቅት

በእኛ ቋንቋ ክረምት ማለት ዝናብና ጭቃ ነው፤ እዚህ ክረምት ማለት ጨለማ ነው። በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በዲሴምበር አጋማሽ ለንደን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ሳይሞላ ነው፣ የምትወጣውም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ። ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ብርሃን የለመደ ሰውነት ይህን ሲያጣ እንቅልፉ ይዛባል፣ ሐዘን ይጫነዋል፤ ብዙዎቻችን ይህን የመንፈሳዊ ሕይወት ድካም ነው ብለን ራሳችንን ወቅሰናል። ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎች በዚህ አገር ፀሐይ በቂ ቫይታሚን ዲ ላናገኝ ስለምንችል በቀን 10 ማይክሮግራም ዓመቱን ሙሉ እንድንወስድ የጤና አገልግሎቱ ይመክራል። እኩለ ቀን ላይ ግማሽ ሰዓት ከቤት ውጭ መሄድንም ሥራ አድርገው ይያዙት።

በጣም የሚከብደው ሳምንት የገናው ነው። ተማሪዎቹ በዲሴምበር አጋማሽ ወደየቤታቸው ይበተናሉ፣ በ25ኛው ቀን ባቡር አይሠራም፣ ሱቁም አብዛኛው ይዘጋል። አንድ ቤተሰብ ኑ ካለዎ ላለማስቸገር ብለው እምቢ አይበሉ፤ እዚህ ሰው የሚጋብዘው አስቦበት ነው። የእኛ ገና በጃንዋሪ 7 ሲደርስ ደግሞ ወደ ለንደን ወይም ሐበሻ ወደሚበዛበት ከተማ ሄደው በአማርኛ ያስቀድሱ ወይም ያምልኩ። በአማርኛ መጸለይና መዘመር ያስታግሳል። ሆኖም የሐበሻው ጉባኤ በየሳምንቱ ዘማሪ፣ ሰባኪ፣ አስተርጓሚ እንዲሆኑ ይጠይቅዎታልና በወር አንድ ጊዜ ብለው አስቀድመው ይወስኑ። የተላኩት ወደ ተማሪዎቹ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ተማሪዎቹ ነፃ የሚሆኑበት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው አጋማሽና መመለስ

በብዙ ኅብረቶች የተማሪዎቹ ኮሚቴ የሚለወጠው በፀደዩ ወራት፣ ከፋሲካ በፊት ወይም በኋላ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ የለመዷቸው መሪዎች ወደ ፈተና ሲገቡ አዲስ፣ ልምድ የሌላቸው፣ ፈራ ተባ የሚሉ ወጣቶች ይረከባሉ። በእኔ ግምት የዓመቱ ዋና ሥራ ከእነዚህ አዲሶች ጋር የሚሠራው ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት እርስዎ አይኖሩም፣ እነርሱ ግን ይኖራሉ።

ትመለሳለህ ወይስ ትቀራለህ የሚለው ጥያቄ ከሐበሻው ወገን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይቀርብልዎታል። የሚጠይቁት በክፋት አይደለም፤ ብዙዎቹ በእሾህ መንገድ አልፈው የመጡ ናቸው። ነገር ግን መልስዎን ለራስዎ፣ ለላከዎት ቤተ ክርስቲያንና ለድርጅቱ አስቀድመው በግልጽ ይንገሩ። ድርጅቱ ከኢትዮጵያ የሚቀጥለውን ሰው ለመጋበዝ የሚያስበው በእርስዎ ላይ ባየው እምነት ነው። ለደጋፊዎች የሚልኩትም ደብዳቤ እንዲሁ እውነተኛ ይሁን፤ ሦስት ተማሪዎች ብቻ የመጡበትን ምሽት ሦስት ብለው ይጻፉ።

የሚሄዱበትን ቀን ለተማሪዎቹ ፈተና ከመጀመሩ በፊት ይንገሯቸው፤ ሳይሰናበቱ መሄድ እዚህም ያሳዝናል። ለማዘጋጃ ቤቱ ከቤቱ የሚወጡበትን ቀን በጽሑፍ ያሳውቁ፣ የቤቱን ዋስትና ገንዘብ ጠይቀው ይቀበሉ፣ የባንክ ሒሳብዎን የሚዘጉት ይህ ገንዘብ ከገባ በኋላ ይሁን። ጀበናውንና ስኒዎቹን ለሚቀጥለው አገልጋይ ይተዉለት፤ ቡና የሚቆላበትን አዳራሽ ስምና የቁልፉን ያዥ ስልክ፣ ባለ ስልኩን አስፈቅደው፣ በወረቀት ጽፈው ከጀበናው ሥር ያኑሩለት።